ሐረጉ ረዝሞ ሥሩ የሚያንሰው ስኳር ድንች፦ ምርቱን የሚወስነው የትኛው የተክሉ ባሕርይ ነው?

የቱሉ ዲምቱ ጓሮ

ጤና ይስጥልኝ። ቤቴ በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወጣ ብሎ ነው። ከቤቱ ኋላ 60 ካሬ ሜትር የምትሆን ጓሮ አለችኝ፤ ላለፉት ሁለት ዓመታት ስኳር ድንች እየተከልሁባት ቆይቻለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ውጤት እጅግ ስላሳዘነኝ ሁለተኛውን ዓመት ሚዛንና ሜትር ይዤ ነው የተከታተልሁት። ያገኘሁትን ከዚህ በታች አቀርባለሁና የምታውቁ እንድትመሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የመጀመሪያውን ተከላ ያካሄድሁት በሰኔ አጋማሽ፣ ዝናቡ መሬቱን ካራሰው በኋላ ነበር። የሐረጉን ቁራጭ የገዛሁት ከአንድ ችግኝ ጣቢያ ሲሆን፣ ሻጩ የሐረጉን ርዝመት እያሳየ ከላይ እንዲህ የሚንዠረገግ ተክል ከታችም ብዙ እንደሚሰጥ አረጋግጦልኝ ነበር። እውነትም ሐረጉ ተንዠረገገ፤ በመስከረም መሬቱ እስከማይታይ ድረስ ጓሮው ተሸፍኖ፣ አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ያየው ነበር። በኅዳር መጨረሻ ስቆፍረው ግን ከአብዛኛው ተክል ሥር የወጣው እንደ እርሳስ የቀጠነ፣ ቃጫ የበዛበት ሥር ነው። ልጆቼ ቅርጫት ይዘው ከጎኔ ቆመው ስለነበር ያን ቀን አልረሳውም።

በሁለተኛው ዓመት ሦስት ዓይነት ሐረግ ጎን ለጎን ተከልሁ። አንደኛው ያው ከችግኝ ጣቢያ የተገዛው፣ ግንዱ ቀላ ያለ ነው፤ ቀይ ሐረግ ልበለው። ሁለተኛው አንድ ወዳጄ ከወላይታ ያመጣልኝ፣ ሥጋው ነጭ የሆነ ነው። ሦስተኛው ከቢሾፍቱ ያገኘሁት ብርቱካናማ ነው። ተከላው የካቲት መጀመሪያ ላይ ነበር፤ ውኃ በቱቦ እያጠጣሁ፣ በመስመሮች መካከል 60፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ጠብቄ፣ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ቆፈርሁ። ከየዓይነቱ 10 ተክል መዝኜ አማካዩን ስይዝ፣ ቀዩ ሐረጉ ከ 2 ሜትር ተኩል በላይ ረዝሞ፣ አረንጓዴው ክፍል 2400 ግራም፣ ያበጠው ሥር ግን አንድ ብቻ ሆኖ 210 ግራም ወጣው። ነጩ ሐረጉ 1 ሜትር ገደማ፣ አረንጓዴው 900 ግራም፣ ሥሩ 3፣ ጠቅላላ ክብደቱ 520 ግራም ነው። ብርቱካናማው ሐረጉ 1 ሜትር ከ 40፣ አረንጓዴው 1200 ግራም፣ ሥሩ 4፣ ክብደቱ 560 ግራም ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ገና ከመሬት በላይ እያለ ተክሉን አይቶ ምርቱን ማወቅ ይቻላል ወይ? የሐረግ ርዝመት፣ የቅጠል ስፋት፣ የቅርንጫፍ ብዛት፣ የአንጓ ርቀት፤ ከእነዚህ ለመጪው ተከላ የትኛውን መርጬ ልያዝ?

ሥርና ግንድ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን ጋሼ። የዕፅዋት ማዳቀል ትምህርት ላይ ያለሁ ሰው ነኝና ጥያቄዎ የራሴም ጥያቄ ነው። በመጀመሪያ አረንጓዴውንም ሥሩንም መመዘንዎን ላመስግን፤ ብዙ ሰው ሥሩን ብቻ ይመዝንና ዋናው ነገር ያመልጠዋል።

ከቁጥሮችዎ አንዱን ላስላ። ሥሩ ከተክሉ ጠቅላላ ክብደት ያለው ድርሻ ለቀዩ ከ 100 እጅ 8፣ ለብርቱካናማው 32፣ ለነጩ 37 ገደማ ነው። ልብ ይበሉ፦ በጠቅላላ ክብደት ቀዩ ከሁሉም ይበልጣል፤ 2610 ግራም ነው፤ ነጩ 1420 ብቻ ነው። በእርጥቡ የተመዘነ ስለሆነና ቅጠል ውኃ ስለሚበዛው ልዩነቱ በደረቁ ጠበብ ይላል፤ ቢሆንም ቀዩ ሰነፍ ተክል እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ያመረተውን ወደ ሐረግና ቅጠል መለሰው እንጂ ወደ ታች አላወረደውም። በስኳር ድንች ላይ የተሠሩ ብዙ ጥናቶች ይህ የሥር ድርሻ ከምርት ጋር ጠንካራና ቀና ተዛምዶ እንዳለው ያሳያሉ፤ የሐረግ ርዝመት ግን ብዙ ጊዜ ደካማ ተዛምዶ አለው፤ አልፎ አልፎም ተቃራኒ ሆኖ ይገኛል። ባለሙያዎች ተክሉን በሐረጉ ርዝመት ሲመድቡ ከ 75 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነውን ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ከ 75 እስከ 150 ያለውን ከፊል ቋሚ፣ ከ 151 እስከ 250 ያለውን ተንሰራፊ፣ ከዚያ በላይ ያለውን እጅግ ተንሰራፊ ይሉታል። የእርስዎ ሁለቱ የተሻሉ ዓይነቶች በከፊል ቋሚው ውስጥ፣ ቀዩ በመጨረሻው ምድብ ውስጥ ይወድቃሉ።

ከመሬት በታች ስንወርድ ምርት የሁለት ነገሮች ብዜት ነው፤ በአንድ ተክል ላይ ያበጡ ሥሮች ቁጥርና የአንዱ ሥር አማካይ ክብደት። ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይሻማሉ። ብርቱካናማዎ 4 ሥር ሰጥቶ አንዱ በአማካይ 140 ግራም ነው፤ ነጩ 3 ሰጥቶ አንዱ 173 ግራም ነው። የሥሩን ክብደት ደግሞ ከርዝመቱ ይልቅ ውፍረቱ ይወስነዋል፤ ርዝመቱ እኩል ሆኖ ውፍረቱ ከ 4 ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ቢያድግ ክብደቱ ከእጥፍ በላይ፣ 2.25 ጊዜ ይሆናል። ስለዚህ ሲቆፍሩ ውፍረቱን ቢለኩ ጥሩ መረጃ ያገኛሉ።

እርሳስ ስለመሰለው ሥርም ልጨምር። ስኳር ድንች ከተራው ድንች ይለያል፤ የድንቹ እብጠት ግንድ ነው፣ የስኳር ድንቹ ግን ሥር ነው፤ ያውም ከሐረጉ አንጓ ላይ የወጣ ሥር። ቁራጩ ከተተከለ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአንጓው የሚወጡት ሥሮች አብዛኛውን ምርት የሚሸከሙ ናቸው። በቀጣዮቹ ሳምንታት እነዚህ ሥሮች ሁለት መንገድ አላቸው፤ ወይ ውስጣቸው ያለው የሚከፋፈል ሕዋስ ሠርቶ ማበጥ ይጀምራል፣ ወይም ማዕከላቸው ወደ እንጨትነት ይለወጥና እስከ መጨረሻው ቀጭን ሆነው ይቀራሉ። አንዴ እንጨት የሆነ ሥር ተመልሶ አያብጥም። የምርቱ ግማሽ ጉዳይ የሚያልቀው ሰው ገና ሐረጉ መያዙን እያየ በሚደሰትባቸው ሳምንታት ውስጥ ነው። ውኃ የተኛበት መሬት፣ ድርቀት፣ ብርድ፣ የበዛ ናይትሮጅን ሁሉም ሥሩን ወደ ሁለተኛው መንገድ ይገፉታል፤ ዝርያዎች የሚለያዩትም ይህንን ችለው በማሳበጥ አቅማቸው ነው።

የቦዲቲ ልጅ ከሰበታ

ወንድሞቼ፣ ውይይቱን በደስታ ነው ያነበብሁት። ያደግሁት ወላይታ ውስጥ ቦዲቲ አካባቢ ነው፤ አሁን የምኖረው ሰበታ ነው። እናቴ ለተከላ ሐረግ ስትመርጥ ረዥሙን አትመርጥም ነበር። ሐረጉን በጣቷ እየዳሰሰች አንጓዎቹ የተቀራረቡበትንና ግንዱ ወፈር ያለውን ትለያለች፤ ከዚያ ጫፉን ብቻ፣ ከጫፉም ክንድ የማይሞላ ቁራጭ ትቆርጣለች። ከሥሩ በኩል ያለው አሮጌ ግንድ ይይዛል፣ ግን ዘግይቶ ነው የሚይዘው። ስትቆርጠው የሚወጣው ነጭ ወተት ጣቷ ላይ ደርቆ ይጠቁር ስለነበር በተከላ ሰሞን እጇን አይቶ ሥራዋን ማወቅ ይቻል ነበር።

አሁን የተማረው ወንድሜ ስለ አንጓ የጻፈው እናቴ ለምን እንዲህ ታደርግ እንደነበር ገለጠልኝ። አንጓው ሲቀራረብ በአንድ ቁራጭ ላይ መሬት ውስጥ የሚገባው አንጓ ይበዛል፤ ሥር የሚወጣውም ከዚያ ነው። እርሷ 3 ወይም 4 አንጓ ከአፈር በታች ሳይገባ አትተወውም ነበር።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ፦ ተከላዎ በሜዳ ላይ ነው ወይስ በመደብ? የቱሉ ዲምቱ ጥቁር አፈር ክረምት ላይ ጭቃ፣ በጋ ላይ ስንጥቅ ነው። በእኛ አገር የሥሩ አንገት አጭር ሆኖ ሥሩ ከላይ የሚያብጥ ዓይነት መሬቱ ሲሰነጠቅ ለነቀዝ ይጋለጣል። ሥሩን ጠለቅ አድርጎ የሚያሳብጠው ግን ከነቀዙ ያመልጣል፤ ለመቆፈር ቢያስቸግርም።

የልማት ሠራተኛ በጡረታ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለብዙ ዓመታት በልማት ሠራተኛነት ያገለገልሁ ሰው እንደመሆኔ በዚህ ውይይት ላይ አንድ ማሳሰቢያ ማኖር እወዳለሁ። ቀዩን ሐረግ በተመለከተ ፍርዱ ቸኩሏል ብዬ እፈራለሁ።

የመጀመሪያው ዓመት ውድቀት የዝርያው ብቻ አይደለም። ስኳር ድንች የሙቅ አገር ተክል ነው፤ ሙቀቱ ከ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ እድገቱ ይዘገያል፣ ውርጭ ከመታው ደግሞ ሐረጉ በአንድ ሌሊት ይጠቁራል። በአዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ የቀኑ ሙቀት እንኳ ከ 20 ዲግሪ ብዙም አይርቅም፤ ሌሊቱን አትጠይቁኝ። በሰኔ አጋማሽ የተተከለ ቁራጭ ሥሩ ሊያብጥ በሚወስንበት ወቅት ላይ ከላይ ደመና፣ ከታች ውኃ የጠገበ ዋልካ አፈር ይጠብቀዋል። አየር ያጣ ሥር አያብጥም። በየካቲት የተተከለው ግን በዓመቱ ሞቃት ወራት ውስጥ ነው ያደገው፤ ስለዚህ ቀዩም ቢሆን በሁለተኛው ዓመት ቢያንስ አንድ ሥር ሰጥቶዎታል።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ፍግ ምን ያህል ጨመሩ? በከተማችን ዙሪያ የወተት ላም ያለው ሰው ስለበዛ ፍጉ በነፃ ይገኛል፣ ጓሮውም ይጠግባል። ናይትሮጅን የጠገበ መሬት ላይ ተንሰራፊው ዓይነት ሐረጉን ብቻ ያበዛል፤ አጭሩ ዓይነት በተፈጥሮው ስለሚገታ ጉዳቱ ያንሰዋል። ያው ቀይ ሐረግ ስስ በሆነ አሸዋማ መሬት ላይ፣ በቆላ ቢተከል ሌላ ውጤት ሊሰጥ ይችላል። ዝርያና ቦታ ተገናኝተው ነው ምርት የሚሰጡት። ለዚህም ነው አንድ ዝርያ ከመለቀቁ በፊት በተለያዩ ቦታዎችና በተለያዩ ዓመታት የሚፈተነው።

የከፍታውን ነገር ግን ተስፋ እንዳትቆርጡበት። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ደጋማ አካባቢዎች ሰዎች ስኳር ድንችን እስከ 2700 ሜትር ከፍታ ድረስ ያመርቱታል፤ ሣርና የሰብል ተረፈ ምርት ከውስጥ ቀብረው ትላልቅ የአፈር ቁልሎች ይሠሩና በላዩ ላይ ይተክላሉ፤ ቁልሉ ውኃ ያንጠፈጥፋል፣ ከውርጭም ከፍ ያደርገዋል። ለመድረስ ግን ከቆላው እጅግ የረዘመ ጊዜ ይወስድበታል። ስለዚህ ለእኛ ዳርቻ ከሁሉ በፊት የሚፈለገው ባሕርይ ቀድሞ መድረስ ነው፤ በ 4 ወይም በ 5 ወር ሥሩን የሚያሳብጥ ካልሆነ ከክረምቱ ጭቃ ወይም ከኅዳር ውርጭ ጋር ይገናኛል።

የቱሉ ዲምቱ ጓሮ

እኅቴም ጋሼም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በመጀመሪያው ዓመት በሜዳ ላይ ነው የተከልሁት፣ መደብ አልሠራሁም። ፍጉን ደግሞ ከጎረቤት በጋሪ እያስመጣሁ ሳላመዛዝን ነው የጨመርሁት፤ ማሳጣት እንጂ ማብዛት የሚጎዳ አይመስለኝም ነበር። በሁለተኛው ዓመት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ መደብ ሠርቻለሁ፣ ፍግ ግን አልጨመርሁም፤ ያለፈው ዓመት ትርፍ ይበቃል ብዬ ነው። ሦስቱም ዓይነቶች በአንድ ዓይነት መደብ ላይ ስለነበሩ በመካከላቸው ያለው ልዩነት የዝርያ ነው ብዬ አስባለሁ።

ላም አርቢ ዘአቃቂ

በትሕትና የተለየ ሐሳብ ላቅርብ። እኔ አቃቂ አካባቢ 4 የወተት ላሞች አሉኝ። ሐረግ የበዛበትን ተክል እንደ ከሰረ ቆጥራችሁ ስትጽፉ የላም ባለቤት ሆኜ ሳነበው ቅር ይለኛል። የገለባና የመኖ ዋጋ በናረበት ጊዜ 2400 ግራም አረንጓዴ መኖ በአንድ ተክል ቀላል ነገር አይደለም፤ ላሞቹ የስኳር ድንች ሐረግ ይወዱታል፣ ወተታቸውም አይቀንስም። ታዲያ ሥርም ሐረግም የሚሰጥ ዓይነት የለም ወይ? ሐረጉን በየጊዜው እያጨድሁ ሥሩን በመጨረሻ ብቆፍርስ?

ሥርና ግንድ

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ትክክለኛ ነው፤ ለሁለቱም የሚሆኑ ዝርያዎችን መምረጥ ራሱን የቻለ የምርምር ሥራ ነው። የሥሩ ድርሻ በጣም ከፍተኛም በጣም ዝቅተኛም ያልሆነ፣ ጠቅላላ ክብደቱ ግን ትልቅ የሆነ ተክል ለእንደ እርስዎ ላለ አርቢ ይመቻል። ከጋሼ ሦስት ዓይነቶች ወደዚህ የሚቀርበው ብርቱካናማው ነው።

ሐረጉን ደጋግሞ ማጨድ ግን ሥሩን ያቀጭጨዋል። ቅጠሉ የሥሩ ቀላቢ ነው፤ ሥሩ በሚያብጥበት ወቅት ከታጨደ ተክሉ ያጠራቀመውን አዲስ ቅጠል ለማውጣት መልሶ ያወጣዋል። መኖውን በመጨረሻው ሰሞን፣ ከቁፋሮው ጥቂት ቀደም ብሎ ወይም በዚያው ዕለት ቢወስዱ ጉዳቱ ትንሽ ነው። መኖው ብቻ ከተፈለገ ደግሞ ቀዩን በተለየ መደብ ላይ መትከል ይሻላል።

ስለ ቅጠሉ ካነሣን አይቀር፣ ጋሼ ስለ ቅጠል ስፋት ጠይቀው ነበር። ቅጠል መብዛቱ የሚጠቅመው እስከ ወሰን ድረስ ነው። የቅጠሉ ጠቅላላ ስፋት ከቆመበት መሬት ስፋት ከ 3 እስከ 4 እጥፍ ሲደርስ ብርሃኑን ከሞላ ጎደል ይሰበስበዋል፤ ከዚያ በላይ የሚጨመረው ቅጠል የታችኛውን ያጨልመዋል፣ የጨለመው ቅጠል ደግሞ ይበላል እንጂ አያበላም። የቅጠሉ ዘንግ ረዘም ብሎ ቅጠሉን ወደ ብርሃን ከፍ የሚያደርግ ዓይነት በዚህ ይጠቀማል። የተቆራረጠ ቅጠል ወይስ ሙሉ ቅጠል የሚለው ግን ብቻውን ስለ ምርት ብዙ አይነግርም፤ ዝርያ ለመለየት ነው የሚያገለግለው። ፈጥኖ መሬቱን መሸፈን ከቻለ አረሙንም ያፍናል፤ ይህንን በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ያስተውሉ።

አንድ ነገር በተለይ አጥብቄ ልናገር፤ ምክንያቱም ይህ እኔን ራሴን ለረጅም ጊዜ ያሳሳተኝ ነው። ቀላቢው ቅጠል ተቀባዩ ደግሞ ሥር ነው ስንል ቀላቢው ብቻ የሚያዝ ይመስለናል። የአንዱን ዝርያ ሐረግ በሌላው ዝርያ ሥር ላይ አጋብተው ያሳደጉ ተመራማሪዎች ግን የሥሩ የመቀበል አቅም ምርቱን በእጅጉ እንደሚወስን፣ ጠንካራ ተቀባይ ሥር ያለበት ቅጠልም የበለጠ ምግብ እንደሚያመርት አይተዋል። የቅጠሉ ውበት አያታልለን የምለው ለዚህ ነው።

የገላን መስኖ

ለአጭር ጥያቄ ይቅርታ። ገላን አካባቢ ከጓደኞቼ ጋር በመስኖ ሞክረን ነበር፤ ከተክሎቻችን አንዳንዶቹ ቅጠላቸው ጠቦ፣ ተኮማትሮ፣ ቁመታቸውም ድንክ ሆኖ ቀረ። አጭር ሐረግ ጥሩ ነው ካላችሁ እነዚህን ለዘር ልያዛቸው?

ሥርና ግንድ

በፍጹም እንዳይይዟቸው። እርስዎ የገለጹት የዝርያ ባሕርይ አይመስልም፣ የቫይረስ ምልክት ነው የሚመስለው። በስኳር ድንች ላይ ሁለት ቫይረሶች፣ አንዱ በክሽክሽ፣ ሌላው በነጭ ዝንብ የሚተላለፉ፣ በአንድ ተክል ላይ ሲገናኙ ምርቱን ከ 90 በመቶ በላይ ሊያጠፉት ይችላሉ። ተክሉ የሚራባው በሐረግ ስለሆነ በሽታውም ከሐረጉ ጋር ከዓመት ዓመት ይተላለፋል። እነዚያን ነቅለው ያስወግዱ፤ ለቀጣዩ ተከላ ቁራጭ የሚወስዱት ምንም ምልክት ከሌለበት ብቻ ይሁን። ጤናማው አጭር ዓይነት ቅጠሉ ሰፊና ለስላሳ ሆኖ፣ አንጓው ብቻ ይቀራረባል።

የቦዲቲ ልጅ ከሰበታ

ስለ ብርቱካናማው አንድ ነገር ልበል። ክብደቱ 560 ግራም ሆኖ ከነጩ ይበልጣል፤ ነገር ግን በልተው አይተውታል? በእኛ ቤት ሰው የሚወደው ሲቀቀል የሚፈረፈረውን፣ ደረቁን ነው። ብርቱካናማው ብዙ ጊዜ ውኃ ይበዛበታል ብለው አዋቂዎች ይሸሹታል፤ ሕፃናት ግን ለስላሳውን ይወዱታል። እኔ ሁለት ትንንሽ ልጆች ስላሉኝ ብርቱካናማውን አልተውም፤ ቀለሙ በሰውነት ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ ይለወጣልና ለዓይናቸውም ለጤናቸውም ነው። ብርቱካናማውን ስኳር ድንች በማዳበርና በማስፋፋት ሥራ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ 2016 የዓለም የምግብ ሽልማት ለማሪያ አንድራዴ፣ ለሮበርት ምዋንጋ፣ ለጃን ሎውና ለሃዋርዝ ቡዊስ ሲሰጥ እጅግ ደስ ብሎኝ ነበር። በአገራችንም ከሐዋሳ የምርምር ማዕከል የወጡት ኩልፎና ቱላ ብርቱካናማ ናቸው፤ ሐዋሳ-83 የሚባለው ደግሞ ነጭ ነው።

ሥርና ግንድ

እኅቴ ያነሣችው ነጥብ የምርቱን ትርጉም ይለውጠዋል። በአፍሪካ ዝርያዎች ውስጥ የብርቱካናማው ቀለም ሲጨምር ደረቁ ይዘት፣ ማለትም ውኃው ሲወጣ የሚቀረው፣ የመቀነስ ዝንባሌ አለው፤ አዳቃዮችን ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱ ይህንን ማስታረቅ ነው። ለምሳሌ የነጩ ደረቅ ይዘት ከ 100 እጅ 32፣ የብርቱካናማው 24 ቢሆን፣ ከ 520 ግራም ነጭ 166 ግራም ደረቅ ምግብ፣ ከ 560 ግራም ብርቱካናማ ግን 134 ግራም ነው የሚገኘው። ጋሼ፣ ከሁለቱም 100 ግራም በስሱ ከትፈው፣ በአንድ ትሪ ላይ፣ በአንድ ፀሐይ እኩል ቀን አድርቀው ቢመዝኗቸው የራስዎን ቁጥር ያገኛሉ። ፍጹም ትክክል ባይሆንም ለማነጻጸር ይበቃል።

የቱሉ ዲምቱ ጓሮ

ምክራችሁን ተቀብዬ ከሠራሁት ላካፍላችሁ። ነጩንና ቀዩን በትንሽ መደብ ላይ እንደገና ተክዬ በ 35ኛው ቀን ከየዓይነቱ አንድ ተክል በውኃ እያለሰለስሁ ሥሩ ሳይበጠስ አወጣሁ። ልዩነቱን በዓይኔ አየሁት። የነጩ ከአንጓዎቹ ከወጡት ሥሮች መካከል አራቱ ከትንሽ ጣቴ ጥቂት ቀጠን ብለው፣ ልጣቸው ለስላሳና ፈዛዛ ሆኖ፣ ከመሐላቸው ማበጥ ጀምረዋል፤ በምላጭ ስቆርጠው ወዲያው ነጭ ወተት አወጣ፣ ውስጡም እንደ ድንች ጥርት ያለ ነው። የቀዩ ሥሮች በቁጥር ይበዛሉ፤ ነገር ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ውፍረት ያላቸው፣ ሲታጠፉ እንደ ገመድ የሚመለሱ ናቸው፤ ስቆርጣቸው መሐላቸው ላይ ጠንካራ እንጨት መሰል ነገር ምላጩን ያዘው። ከላይ ሲታዩ ግን የቀዩ ሐረግ ከነጩ እጥፍ ይረዝም ነበር። በ 35 ቀን ነገሩ ያለቀ መሆኑን ባላየሁት ኖሮ አላምንም ነበር።

አሁን ከነጩም ከብርቱካናማውም ብዙ ሥር የሰጡትን ተክሎች ለይቼ፣ የእነርሱን ሐረግ ብቻ በማራባት ዝርያውን ከዓመት ዓመት ላሻሽል አስቤአለሁ። 6 ሥር የሰጠ አንድ ነጭ ተክል አለኝ፤ ከእርሱ ልጀምር?

ሥርና ግንድ

የ 35 ቀኑን ምልከታ በማንበቤ በጣም ደስ ብሎኛል። የመጨረሻውን ሐሳብዎን ግን ላርም። ነጮቹ ተክሎች በሙሉ ከአንድ ሐረግ የተቆራረጡ ከሆኑ በውርስ አንድ ናቸው፤ 6 ሥር የሰጠው 2 ሥር ከሰጠው በዘሩ አይለይም። ምናልባት አፈሩ ለስለስ ያለበት፣ ውኃው በትክክል የደረሰበት ወይም ብዙ አንጓ የተቀበረበት ስለሆነ ነው። እርሱን በማራባት አዲስ ዝርያ አያገኙም። በዘር የሚለይ ተክል የሚገኘው ከአበባ ፍሬ ነው፤ ስኳር ድንች 90 ክሮሞሶም (የውርስ ተሸካሚ) ያለው፣ የክሮሞሶም ስብስቡም ስድስት ድርብ የሆነ ተክል በመሆኑ ከአንድ እናት የወጡ የፍሬ ልጆች እርስ በርስ እጅግ ይለያያሉ፤ አዳቃዮች በሺህ ከሚቆጠሩት ውስጥ ጥቂቶችን የሚያስቀሩት ለዚህ ነው።

ይህን ስል ግን ምርጫው ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ከአንድ ዓይነት ውስጥ ጤናማውንና ምርታማውን ተክል እየመረጡ ማራባት ቫይረስ የተሸከመውን ሐረግ ከጓሮው ያስወጣል፤ በየዓመቱ የሚታየው የምርት መውረድም በአብዛኛው ከዚያ የሚመጣ ስለሆነ ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ስለዚህ 6 ሥር ከሰጠው አንዱ ተክል ብቻ ከመውሰድ ምልክት ከሌለባቸው 10 ወይም 15 ተክሎች ይውሰዱ።

የልማት ሠራተኛ በጡረታ

ልጄ ያለው ትክክል ነው። እኔ በገበሬ ማሳ ላይ ያየሁትን ችግር ልጨምር፦ ሰው መጀመሪያ ሐረጉን በሙሉ አጭዶ ለከብት ይሰጥና ከዚያ ይቆፍራል። ጥሩው ተክል የትኛው እንደሆነ ሲታወቅ ሐረጉ በላም ሆድ ገብቷል። ሐረጉን ሳይቆርጡ በጎን ሰብስበው አንድ በአንድ ይቆፍሩ፤ የያንዳንዱ ተክል ሥር ከራሱ ሐረግ አጠገብ ይቀመጥ። ሁሉም ወጥቶ ሲተያይ ነው የሚመረጠው።

የቦዲቲ ልጅ ከሰበታ

ከመረጡም በኋላ ጋሼ፣ በዚያው ዕለት የጫፉን ቁራጭ ይውሰዱና ቅጠሉን ቀንሰው፣ ጥላ ሥር በእርጥብ ማዳበሪያ ጨርቅ ጠቅልለው አንድ ሁለት ቀን ያቆዩት፤ ከአንጓው ላይ ነጫጭ የሥር ነጥብ ብቅ ሲል ይተከላል። እስከ የካቲት ድረስ ደግሞ ለእናትነት የሚቆይ ትንሽ መደብ ያስፈልግዎታል። እናቴ ከእንሰቱ ሥር፣ የዕቃ ማጠቢያው ውኃ በሚፈስበት በኩል ነበር የምታቆየው። በእርስዎ በኩል የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ስለሚበርድ ከግድግዳው ጥግ፣ ፀሐይ ከሰዓት በኋላ በሚመታው በኩል ያድርጉት፤ ማታ ማታ በሣር ይሸፍኑት፣ ጠዋት ይግለጡት።

የቱሉ ዲምቱ ጓሮ

የማጠቢያ ውኃ የሚወርድበት ጥግ አለኝ፤ ግድግዳውም ወደ ምዕራብ ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ 2 ሜትር በ 1 ሜትር መደብ ሠርቼበታለሁ፤ ከነጩ 12፣ ከብርቱካናማው 12 ቁራጭ ይገባበታል። ቀዩን ለአቃቂው ወንድሜ ላም እሰጣለሁ፤ መጥተው ይውሰዱት።

ላም አርቢ ዘአቃቂ

እግዚአብሔር ያክብርልኝ ወንድሜ። ቅዳሜ ጠዋት በጋሪ እመጣለሁ፤ ከሐረጉ ጫፍ ጥቂት ለመትከያ ለይተው ቢያስቀምጡልኝ፣ ከበረቱ ጎን ፍግ በጠገበው መሬት ላይ ለመኖ ብቻ ልሞክረው።

የቱሉ ዲምቱ ጓሮ

30 ቁራጭ ለይቼ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ከተተከለ በኋላ በየስንት ጊዜው እንደሚያጭዱትና ምን ያህል ኪሎ እንደሚወጣው ቢመዘግቡልኝ ከሥሩ ቁጥር ጎን አድርጌ እጽፈዋለሁ።